ፖስት ፒሉን ሸጣችኋል፣ የቀረውን ማን ይንገራት?

ክቡራን እንግዶች፣ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ወዳጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

የዓለም ኤድስ ቀን ነውና ንግግር አድርጊ ተብዬ ነው የመጣሁት። ስለ ስርጭቱ ከኔ በፊት የተናገሩት በቂ ብለዋል። እኔ ስለ እናንተ መስኮት ነው የማወራው። ቅር የሚላችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ።

አንዲት ልጅ ዓርብ ማታ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ፈጸመች። ቅዳሜ ጠዋት መድኃኒት ቤት ሄደች። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ከኋላዋ ሰው ተሰልፏል። አንገቷን ደፍታ «ፖስት ፒል» አለች፤ ድንገተኛውን የእርግዝና መከላከያ ማለቷ ነው። ባለሙያው ከላይ እስከ ታች አያት፣ ሰጣት፣ ብሩን ተቀበለ። በቃ።

ሐሙስ እኔ ጋ መጣች። «ልጁን በደንብ አላውቀውም፣ ልመርመር» አለችኝ። መረመርኳት፤ ኔጌቲቭ ነው። ግን የሐሙስ ምርመራ ስለ ዓርብ ማታ ምን ሊነግረን? ገና ዊንዶው ፒሪየድ ላይ ናት፤ ቫይረሱ ቢኖር እንኳ ምርመራው ገና የማያሳይበት ጊዜ ነው። እስከ ሦስት ወር እየተመላለሰች መመርመር አለባት። ፔፕ፣ ማለትም ከተጋለጡ በኋላ ኤችአይቪ እንዳይይዝ የሚወሰደውን መድኃኒት፣ ልስጣት ብል መጀመር ያለበት 72 ሰዓት አልፏል። ቅዳሜ ብትጀምረው ኖሮ 28 ቀን ትውጠው ነበር። ቅዳሜ ደግሞ የቆመችው እናንተ ፊት ነው!

«አልጠየቀችንማ» ትሉኝ ይሆናል። እንዴት ትጠይቅ? ፔፕ የሚባል ነገር መኖሩን አታውቅም! ፖስት ፒል የምትገዛ ሴት ኮንዶም እንዳልነበረ ወይም እንደተቀደደ ነግራችኋለች እኮ። ሌላ ምን ትበላችሁ?

«ባለትዳር ነሽ?» የሚለው ጥያቄ ለማንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ሌላ ነው። መቼ ነበር? የሱ ውጤት ይታወቃል? ቁስል ወይም ፈሳሽ ነበረው? በአንድ ጊዜ ግንኙነት ኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉ ትንሽ ነው፤ አባላዘር ካለ ግን ይጨምራል። እሱ ቫይረሱ ኖሮበት መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ፣ ቫይረሱ በደሙ የማይታይ ደረጃ ከደረሰ ደግሞ በግንኙነት አያስተላልፍም። በከንቱ አታስፈራሯት።

ጨብጥና ክላሚዲያ ብዙ ሴቶች ላይ ምልክት አያሳዩም፤ «ምንም አላመመኝም» ብትል እንኳ ትመርመር። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም አይዘንጋ።

ከዛሬ ጀምሮ ፖስት ፒል ስትሰጡ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «ዛሬውኑ ጤና ተቋም ሄደሽ ስለ ፔፕ ጠይቂ» በሏት። ገዢው ወንድ ከሆነም ለሱም ንገሩት፤ እሱም ይመለከተዋል።

አመሰግናለሁ።