የተሰነጠቀው ላፕቶፕና የሳሎናችን ቲቪ

(ምስል፦ ጎንደር፣ ማራኪ። የመኖሪያ ቤት ሳሎን፤ ጠረጴዛው ላይ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ።)

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ላፕቶፕ ተመልከቱት። ስክሪኑ ተሰንጥቆ የግራ ግማሹ ጠቁሯል። ማስቀየሪያው ስለከበደን ሁለት ዓመት ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ኖሯል፤ ውስጡ ግን ደህና ነው። ዛሬ ከቲቪው ጋር አገናኝተን የቤተሰቡ ሲኒማ እናደርገዋለን። የገዛነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአራዳ ያመጣነው የኤችዲኤምአይ ገመድ።

(ምስል፦ የገመዱ ጫፍ ከቅርብ።)

ይህ ገመድ ምስልና ድምፅን አንድ ላይ ያደርሳል። የቆየ ኮምፒውተር ካላችሁና ያለው ቪጂኤ የሚባለው የድሮ የምስል መሰኪያ ብቻ ከሆነ፣ እሱ የሚያደርሰው ምስል ብቻ ነው፤ ለድምፁ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ስፒከር ሌላ ገመድ ትዘረጋላችሁ።

ገመዱን ሰካን፤ በቲቪው ሪሞት ሶርስ ብለን ኤችዲኤምአይን መረጥን። አሁን የዊንዶውስን ቁልፍ ይዛችሁ የ«P» ፊደልን ጫኑ። ከሚመጡት አራት ምርጫዎች የመጨረሻው ምስሉን ወደ ቲቪው ብቻ ይልከዋል፤ የተሰነጠቀውን ስክሪን ከዚህ በኋላ አንፈልገውም።

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ምስሉ ቲቪው ላይ ይመጣል፤ ድምፁ ግን ከላፕቶፑ ይወጣል። ገመዱ ተበላሽቷል ብላችሁ ወደ ሱቅ አትሮጡ። ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን የድምፅ ምልክት ንኩና ከዝርዝሩ የቲቪያችሁን ስም ምረጡ።

(ምስል፦ ላፕቶፑ ከቲቪው ጎን፤ እጅ ዳንቴሉን ሲያነሳ።)

እባካችሁ ዳንቴል አታልብሱት። ትኩስ አየሩ የሚወጣው በጎኑ ነው፤ ከታፈነ ይሞቅና ፊልሙ መጎተት ይጀምራል። መብራት ሲሄድ ደግሞ የላፕቶፕ ጥቅሙ ይታያል። ቲቪው ይጠፋል፤ ላፕቶፑና የተሰካበት ሃርድ ዲስክ ግን በባትሪው ይቆያሉ፤ ዲስኩ በሥራ መሃል ድንገት አይቋረጥበትም። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ከኃይሉ ብዛት ቲቪውን እንዳይጎዳው ስታቢላይዘር ይኑራችሁ።

ለማጫወቻ የምንጭነው ኮዲን ነው። መጀመሪያ ለኤክስቦክስ ጌም ማጫወቻ የተሠራ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የአሁኑን ስሙን ያገኘ ነፃ ፕሮግራም ነው። ፊልሙን፣ መዝሙሩን፣ ፎቶውን ከሶፋ ሆኖ በሚነበብ ትልቅ ጽሑፍ ይደረድራል። ከማስተካከያው ውስጥ በሪሞት መታዘዝን ፍቀዱለትና የራሱን የሪሞት አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ስልኩና ላፕቶፑ በአንድ ዋይፋይ ላይ ከሆኑ ይበቃል።

አንዳንድ ፊልም ከተቆራረጠባችሁ አብዛኛውን ጊዜ የተጨመቀው ኤች 265 በሚባል የቪዲዮ መጭመቂያ አሠራር ስለሆነ ነው። ይህ አሠራር የወጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ፕሮሰሰር ሲፈታው ይደክማል። በቀድሞው አሠራር፣ በኤች 264 የተጨመቀውን ፈልጉ።

(ምስል፦ የዲቪዲ ልባሶች፤ በአንዱ ላይ በእጅ «ሠርግ፣ ጥር 1998» ተብሎ ተጽፏል።)

እኔን ለዚህ ሥራ ያነሳሱኝ እነዚህ ናቸው። የታላቅ እህቴ ሠርግ በሦስት ዲቪዲ ላይ ነው ያለው። ሁለተኛው ተጭሮ ቅልቅሉ ላይ ሲደርስ ይቆም ነበር። በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ እያደረግሁ ጠረግሁት፤ ዙሪያውን ማሸት ጭረቱን ያባብሳል። ከዚያም ውስጡ ያለውን ቪዲዮ ቲኤስ የሚባል ፎልደር እንዳለ ወደ ሃርድ ዲስኩ ገለበጥሁት። ሦስት ጊዜ ሞከርሁ፤ በሦስተኛው አለፈ። አንድ ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ በ1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ላይ እንዲህ ያለ ከ200 በላይ ይገባል። የዘመድ አዝማዱን ሠርግ ሁሉ ይችላል። ግልባጩንም ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ደግማችሁ አስቀምጡ፤ ሃርድ ዲስክም ይሞታል።

(ምስል፦ ቲቪው ላይ ሙሽሮቹ ፋሲለደስ መዋኛ፣ ግንቡን ያቀፉት የዛፍ ሥሮች አጠገብ፤ ቀጥሎ ቅልቅሉ።)

ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቅልቅሉን ከፈትነው። ዛሬ በሕይወት የሌለችው አያታችን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እስክስታ ስትወርድ መጣች። እናቴ ከሶፋው ብድግ ብላ «እዚያ ጋ አቁመው» አለችኝ። ስልኬ ላይ ማቆሚያውን ነካሁት።