በክሽክሹ ውስጥ ያለው ሌላ ሕይወት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ልጅ ሳለሁ፣ እምዬ የምንላቸው ሴት አያቴ፣ የአተር ማሳቸው ላይ ክሽክሽ ሲወርድ አመድ ዘግነው ቅጠሉ ላይ ይነሰንሱ ነበር። ለጋው ጫፍ ላይ ተጠጋግተው የሰፈሩትን ደቃቅ አረንጓዴ ነፍሳት በጣታቸው እያሳዩ፣ «ወዙን መጠው ነው የሚያደርቁት» ይሉኝ ነበር። ዛሬ የማወራላችሁ የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪ ናንሲ ሞራን ከሠሩባቸው ነፍሳት አንዱ ይኸው የአተር ክሽክሽ መሆኑን ያወቅሁት ግን ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ሞራን ያደጉት በዳላስ፣ ቴክሳስ ነው። ዶክትሬታቸውን በ1982 በፈረንጆች አቆጣጠር (ዓመቶቹን ሁሉ በዚያው እጠራለሁ) ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ያገኙ ሲሆን፣ እዚያ ካስተማሯቸው መካከል ስመ ጥሩው የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪ ዊልያም ሃሚልተን ይገኙበታል። ከ1986 ጀምሮ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ መጀመሪያ ያተኮሩት ነፍሳቱ ላይ ነበር፤ ክሽክሽ ለምን በአንዱ ወቅት ያለ ወንድ እንደሚወልድና ለምን ከአንድ ተክል ወደ ሌላ እንደሚዛወር ይመረምሩ ነበር።

የእምዬን አባባል ከሳይንሱ ጋር ሳስተያየው ደስ ይለኛል። ክሽክሽ የሚመጠው የተክሉ ፈሳሽ ስኳር የበዛበት ነው፤ ሰውነትን ለመገንባት የግድ የሚያስፈልጉት አሚኖ አሲዶች ግን እጅግ ያንሱበታል። የጎደለውን የሚሞላለት ቡክኔራ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ለእርሱ ተብለው በተዘጋጁ ሕዋሳት ውስጥ ይኖራል፤ ከክሽክሹ ውጭ መኖር አይችልም፤ ክሽክሹም ያለ እርሱ በወጉ አያድግም፣ አይራባም። እኔ በተማርኩበት ክፍል ባክቴሪያ ሲባል የበሽታ መንስኤ ብቻ ነበርና፣ ይህን መጀመሪያ ሳነብ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት።

ሞራን ከባክቴሪያ ተመራማሪው ፖል ባውማንና ከሌሎች ጋር በ1993 ባወጡት ሥራ፣ የክሽክሾቹ የትውልድ ሐረግና የባክቴሪያዎቹ የትውልድ ሐረግ እንደሚገጥሙ በማሳየት፣ ሁለቱ አብረው መኖር የጀመሩት ከ160 እስከ 280 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደሆነ ገመቱ። የነፍሳትን ሕይወት በማጥናት የሠለጠነ ሰው፣ ዶክትሬቱን ከያዘ ከዓመታት በኋላ ዘረመል ወደ ማንበብ መሻገሩ ለእኔ የሥራ ዘመናቸው ትልቁ ድፍረት ነው።

በ1996 ደግሞ ሞራን አብሮ መኖሩ ባክቴሪያውን ዋጋ እንደሚያስከፍለው አሳዩ። ቡክኔራ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በጥቂት በጥቂቱ ስለሆነና ከሌላ ባክቴሪያ ዘረመል ስለማይቀበል፣ በየትውልዱ የሚፈጠሩት ትናንሽ ስህተቶች ሳይታረሙ ይከማቻሉ። በ2000 የጃፓን ተመራማሪዎች የአተር ክሽክሹን ቡክኔራ ሙሉ ዘረመል ሲያነቡ ያገኙት ከ640 ሺሕ ጥቂት የሚበልጥ ፊደል (ዘረመሉ የተጻፈበት ትንሹ አሃድ ማለት ነው) ብቻ ሲሆን፣ አንጀት ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ዘመዱ ኢ. ኮላይ ግን ወደ 4.6 ሚሊዮን ፊደል አለው።

ከሁሉ የሚገርመኝ በ2007 ሞራንና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ነው። በቡክኔራ ዘረመል አንዲት ፊደል ብቻ ስትጎድል፣ በልጅነቱ ብርቱ ሙቀት የነካው ክሽክሽ ልጅ መውለድ ይሳነዋል፤ ለመውለድ ቢበቃም የሚወልዳቸው ጥቂቶች ናቸው። በቀዝቃዛ አየር ግን ያቺ ፊደል የጎደለችበት ወገን በመራባት ይበልጣል። የነፍሳቱ ዕድል በራሱ ዘረመል ሳይሆን፣ ተሸክሞት በሚዞረው ባክቴሪያ አንዲት ፊደል ተወሰነ ማለት ነው።

ሞራን በኋላ ወደ ንብ አንጀት ባክቴሪያዎች ዞረዋል፤ በ2013ም ወደ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረዋል። በ2018 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ ግላይፎሴት የተባለው የአረም ማጥፊያ የንቦችን ጠቃሚ ባክቴሪያ እንደሚቀንስና ለበሽታ እንደሚያጋልጣቸው አሳይተዋል። ንብ ለሚያረባ ሁሉ ይህ ሊነገረው ይገባል እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ክሽክሽ የሰፈረበት የአተር ቅርንጫፍ ይዤ ክፍል ገባሁ። በማጉያ መነጽር ስንመለከት አንዷ እየወለደች ነበር፤ ልጇ በኋላ እግሮቿ ቀድማ ወጣች፣ እግሮቿንም አየር ላይ ታወናጭፍ ጀመር። አንዲት ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ባክቴሪያውን የምትሰጣት አሁን ነው?» አለችኝ። አይደለም፣ ገና በሆዷ ሳለች ነው የሰጠቻት አልኳት፤ ይህች አሁን የተወለደችው ራሷ በሆዷ ልጆች መያዝ እንደጀመረች ስነግራት፣ መነጽሩን ከእጄ ተቀብላ እንደገና አጎነበሰች።