«እኔ መቼ ተበደርኩ?»

እሺ፣ ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር፤ አልሆነልኝም። የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ሥራ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ያው ፒያሳ ያለው፣ እትዬ መዝገብ ቤት የሚሠሩበት።

ሒሳብ ክፍሉ የራሱ ኤክሴል ነበረው፣ ብድር ክፍሉም የራሱ። አንድ አባል ስልክ ሲቀይር አንዱ ጋ ይስተካከላል፣ ሌላው ጋ አሮጌው ይቀራል። እኔ ሁሉንም አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ላስገባ ተነሳሁ። አንድ ሰው፣ አንድ መስመር፣ አንድ መለያ ቁጥር። የኮምፒውተር ሊቁ ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. የጻፈው ሐሳብ እኮ ነው።

ፊደላችን ላይ ስደርስ ተያዝኩ። ፀሐይን አንዱ በፀሐዩ ፀ ይጽፈዋል፣ ሌላው በጸሎቱ ጸ። ሐመሩ ሐ አለ፣ ሃሌታው ሀ አለ። ለእኛ ድምፁ አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ጋ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የዩኒኮድ ቁጥር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚለይበት ቁጥር አለው። ስለዚህ ሁሉንም ወደ አንድ የሚያመጣ ስክሪፕት፣ ያው ትንሽ ፕሮግራም፣ ጻፍኩ። ስምና የአባት ስም ከገጠመ አንድ ሰው ነው አልኩ። የአያት ስም ግማሹ ላይ አልተሞላም ነበር። ይቺን ያዙልኝ።

ሰኞ ጠዋት አንዲት እናት መስኮቱ ጋ መጡ። ወይዘሮ ፀሐይ እንበላቸው። ገንዘብ ያዧ ስክሪኑን አየችና «ዕዳ አለብዎት» አለቻቸው። ከፌስታል ደብተራቸውን አወጡ። ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «እኔ መቼ ተበደርኩ?» አሉ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ደግሞ... «ረስቼው ይሆን እንዴ?»

እኔ ከገንዘብ ያዧ ጀርባ ቆሜያለሁ። ዝም አልኩ። አስቡት፣ ደብተሩ እጃቸው ላይ ነው፣ የተጻፈው ትክክል ነው፣ እሳቸው ግን ስክሪኑን አምነው ራሳቸውን ተጠራጠሩ።

እትዬ ከመዝገብ ቤት ብቅ ብለው «ኧረ ተበዳሪዋ ሌላዋ ናት፣ የዶሮ ማነቂያዋ!» አሉ። ዶሮ ማነቂያ እኮ... ሰፈሩ ፈርሷል። መዝገቡ ላይ ግን አድራሻው፣ የቤት ቁጥሩ ሳይቀር አለ፤ ልሰርዘው ወይስ ልተወው እስካሁን አልቆረጥኩም፣ በቃ እሱ ሌላ ቀን።

ባክአፕ፣ የድሮው መረጃ ቅጂ፣ ስለነበረኝ ስክሪፕቴ አንድ ያደረጋቸውን ሁለቱን ሴቶች መለየት አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አሮጌውንና አዲሱን ቢያንስ ለአንድ ወር ጎን ለጎን ማስኬድ ነበረብኝ። ዳታቤዙ አሁንም ይሻላል፣ ከልቤ ነው። ግን እትዬ የሚያውቁት የትኛው ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል? ጡረታ ሊወጡ ነው እኮ፣ እና...

ወይዘሮዋ ሲወጡ «ተባረክ ልጄ» አሉኝ። እኔን። እኔ እኮ ነኝ ያንን... አላውቅም።