የሌላ ሰው ሸራ

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም የማወራችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ኅዳር ገብቷል፤ ሣሩ ላይ አመዳይ አድሯል። እኔም ጋቢዬን ደርቤ ተቀምጫለሁ። በዚህ ብርድ የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅምና ሸራዬን ግድግዳ አስደግፌ እጄን አጣጥፌ መጠበቅ ነው ሥራዬ። እንዲህ ስቀመጥ የሌሎችን ሥዕል አያለሁ። ዛሬም ስለ እነርሱ ላውራችሁ።

በሙያችን ቅናት አለ። ያማረ ሥዕል ፊት ቆሞ «ምነው እኔ በሳልኩት» ያላለ ሠዓሊ ካለ አላገኘሁትም። የእኔ ቅናት ግን ዕድሜው አጭር ነው። ጎበዝ ሠዓሊ በየቀኑ አልፌው የምሄደውን ነገር ያሳየኛል፤ አንዴ ካሳየኝ በኋላ ደግሞ የሚወስድብኝ የለም።

የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የተወለዱት እዚሁ አጠገባችን፣ አንኮበር ነው፤ በ1925 ዓ.ም.። የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተልከው ሠዓሊ ሆነው ተመለሱ። ይህን ሳስብ የወላጆቻቸውን ፊት ለመሳል ይቃጣኛል። ሰው ሁሉ የሚያነሣላቸው በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የባለ ቀለም መስታወት ሥራ ነው። ሥራው ታላቅ ነው፤ አልከራከርም። እኔ ግን «የመስቀል አበባ» የተሰኘውን ሥዕላቸውን አስበልጣለሁ። አደይ በየመስከረሙ ከደጃችን ይፈነዳል፤ ልጆች ሆነን ነቅለን ነቅለን የምንጥለው አበባ ነበር። አሁን ዳገቱ ቢጫ ሲለብስ መንገዴን አቋርጬ እቆማለሁ።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ ደግሞ ቀዩን ቀለም ሰጠኝ። ሐረር ተወልዶ ጀርመን ኮሎኝ የተማረው ይህ ሰው ረቂቅ ሥዕል፣ ማለትም ነገሩን እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ በቀለምና በቅርጽ የሚናገር ሥዕል፣ ይዞ ሲመጣ «ይህ ምንድን ነው?» ያሉት ብዙዎች ነበሩ። የእርሱን «ጎልጎታ» ካየሁ በኋላ በጓሮ የተሰጣ በርበሬ እንኳን እንደ ዱሮው አይታየኝም። እናቴ «በርበሬ ላይ ምን ትፈልጋለህ?» ትለኛለች። ምን ብዬ ላስረዳት?

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችንም ማንሣት አለብኝ። በጥንቱ ሥርዓት ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ኃጥእ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። በመሥሪያ ቤት መስኮት በኩል ፊቱን ሳያዞር የሚያስተናግደኝ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ይህ ትዝ እያለኝ ሳቄን እውጣለሁ፤ ጉዳዬም ያን ያህል አያናድደኝም።

ከሰላሌ ፍቼ የወጡት አለ ፈለገ ሰላም የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ባያቋቁሙ ኖሮ እኔና መሰሎቼ የት እንደርስ ነበር? ዛሬ ትምህርት ቤቱ በስማቸው ይጠራል። ለመምህር ከዚህ የበለጠ ክብር አላውቅም።

ደስታዬ ብዙ ወጪ የለበትም። ጠዋት ከጎረቤቶቼ ጋር ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ መሞቅ። ጣርማ በርን በጉም ውስጥ ወርዶ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝቶ፣ ገና ትኩስ እያለ መቆርጠም። ከመኪና መንገዱ ዋሻ አፍ ላይ የሚታየው ጉም ነጭ ይመስላል እንጂ ነጭ አይደለም፤ ሰማያዊ አለበት፣ ጥቂትም ወይን ጠጅ። ሾፌሩ ግን ጉም የሚያየው በሌላ ዓይን ነውና እንዲያቆምልኝ ለምኜው አያውቅም።

አንድ የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ ስሙን እንዳልጠራ አስጠንቅቆኛል። ኑሮውን የሚገፋው የሱቅና የምግብ ቤት ማስታወቂያ በመጻፍ ነው። በቅርቡ ለራሱ አንድ የመንዝ በግ ሣለ። በጉ ጠጉሩ ተንጨባሮ፣ በዝናብ ርሶ፣ በሰው ላይ የተቀየመ ይመስላል። እኔ ስንት ዓመት በግ ስስል እንዲህ ያለ ኩርፊያ አልወጣልኝም። ሥዕሉን ልግዛው ብለው «አልሸጥም» አለኝ። የገብስ ማሳዬን ሥዕል ሰጥቼህ እንለዋወጥ ብዬዋለሁ፤ ማሳው ላይ ሰማዩ በዝቷል እያለ ገና እየተከራከረኝ ነው።