ሮኬት ሲወነጨፍ የሚዘጋው ሰማይ

ጣና ዳር ለተሰበሰቡ የሳይንስ መምህራን፣ ተማሪዎችና የአቪዬሽን ባለሙያዎች በባሕር ዳር የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ የአቪዬሽን ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎች፤

በዚህች ከተማ ስለ አውሮፕላን ደኅንነት የሚናገር ሰው መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የሆነውን ሳያነሣ ማለፍ አይገባውም። በዚያ ቀን 104 ሰዎችን አሳፍሮ ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሣው ቦይንግ 737፣ ገና ከምድር ሲለቅ የእርግብ መንጋ ሞተሮቹ ውስጥ ገባበት። አብራሪዎቹ መልሰው ለማሳረፍ ቢታገሉም አውሮፕላኑ በሆዱ ወድቆ በእሳት ተያያዘ፤ 35 ሰዎችም ሞቱ። ይህን የማነሣው የቆየ ሐዘን ለመቀስቀስ ብዬ አይደለም። ሮኬት በሚወነጨፍበት ጊዜ የመንገደኞች በረራ የሚስተጓጎልበት ምክንያት ከዚያ አደጋ ምክንያት ጋር አንድ ስለሆነ ነው። የእርግብን ሥጋና አጥንት መቋቋም ያቃተው ሞተር ከሰማይ የሚወርድ ብረት ቢገጥመው ምን እንደሚሆን ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

የመንገደኛ አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ የሚበረው ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሮኬት ይህን ከፍታ አልፎ ለመሄድ ከአንድ ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ይበቃዋል። ታዲያ ለአንድ ደቂቃ ጉዳይ ሰማዩ ለሰዓታት የሚዘጋው ለምንድን ነው? አንደኛ፣ ሮኬት ቀጠሮ አያከብርም፤ ደመና፣ ነፋስ ወይም አንዲት የነዳጅ ቧንቧ ታዘገየዋለች፤ ስለዚህ አስወንጫፊው የሚጠይቀው ሰፋ ያለ የሰዓት ክልል ነው። ሁለተኛውና ዋናው ግን ሮኬቱ ቢፈነዳ የሚከተለው ነው። ከባዱ ስብርባሪ ቶሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቀላሉ ግን በነፋስ እየተገፋ ለብዙ ደቂቃዎች ሊንሳፈፍና ከፍንዳታው ቦታ ርቆ ሊያርፍ ይችላል። በካርታ ላይ ሲሣል አደገኛው ስፍራ በሮኬቱ መንገድ ላይ የተዘረጋ ረጅም ሰቅ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ያ ሰቅ አስቀድሞ ተሰልቶ ኖታም በሚባለው ማስታወቂያ ለአብራሪዎችና ለአየር መንገዶች ይነገራል።

ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሮኬቱን ያልላከው ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 2018 ፋልከን ሄቪ የተባለው ሮኬት ከፍሎሪዳ ሲወነጨፍ 563 በረራዎች ዘግይተዋል፤ አውሮፕላኖቹም በድምሩ 34,841 የባሕር ማይል ተጨማሪ መንገድ ዞረዋል። ይህ ሁሉ የሆነው ሮኬቱ በሰላም ሄዶ ሳለ ነው። በጥር 2025 ስታርሺፕ የተባለው ሮኬት ከካሪቢያን ባሕር በላይ ሲበታተን፣ አየር ላይ የነበሩ አውሮፕላኖች ከአደጋው ክልል ውጭ እንዲዞሩ ተደረገ፤ ነዳጅ እያጠራቸው ወደ ሌላ ኤርፖርት ለመሄድ የጠየቁም ነበሩ። በመጋቢት ወር ያው ዓይነት ሮኬት ዳግም ሲበታተን የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር 240 ያህል በረራዎች መስተጓጎላቸውን አስታወቀ። እነዚያን መንገደኞች ሳስብ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ መዘግየታቸው አይደለም፤ ተቆጣጣሪው በደቂቃዎች ውስጥ መወሰን የነበረበት መሆኑ ነው።

ከዚህ የሚከፋው ያለ መሪ ተመልሶ የሚወድቀው የሮኬት አካል ነው። እንዲህ ያለ አካል በሴኮንድ ወደ 7.8 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ የሚወድቅበትን ሰዓት በአንድ ደቂቃ የሳተ ተንባይ ቦታውን ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ይስታል፤ ይህም ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ካለው የአየር ርቀት ይበልጣል። በኅዳር 2022 የቻይናው ሎንግ ማርች 5ቢ ሮኬት ትልቅ አካል ወደ ምድር ሲመለስ ስፔን የአየር ክልሏን በከፊል ዘግታ 300 ያህል በረራዎች ዘግይተዋል፤ ስብርባሪው ግን የወደቀው ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ነው። ሩቅ እንዳይመስለን ደግሞ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በኬንያ ማኩዌኒ አውራጃ ሙኩኩ መንደር 2.5 ሜትር ስፋትና 500 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ያለው የብረት ቀለበት ከሰማይ ወድቋል።

መፍትሔው ሰማዩን ሁልጊዜ ሰፊ አድርጎ መዝጋት አይደለም። አሜሪካኖቹ ከ2021 ጀምሮ የሮኬቱን ቦታና ፍጥነት በዚያው ቅጽበት ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች የሚያደርስ ሥርዓት ዘርግተው፣ በአማካይ ከአራት ሰዓት ይበልጥ የነበረውን የመዝጊያ ጊዜ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ አውርደውታል። ይህ ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው፤ የሚዘጋውን ሰማይ የሚያጠበው መረጃ ነው። መረጃው በጊዜ የማይደርሰው አገር ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀረዋል፤ ወይ ያለ ልክ ይዘጋል፣ ወይ መንገደኞቹን ለአደጋ ያጋልጣል።

ነገሩ የእኛም ነው። በአካባቢያችን ሮኬት መወንጨፉ አዲስ አይደለም፤ ኡሁሩ የተባለችው ሳተላይት በ1970 እ.ኤ.አ. የተነሣችው ከኬንያ ማሊንዲ ባሕር ላይ ነበር። ያኔ ግን የአውሮፕላኑ ብዛት እንደ ዛሬው አልነበረም። በጥር 2023 ደግሞ ጂቡቲ በኦቦክ የማስወንጨፊያ ጣቢያ ለመገንባት የመግባቢያ ሰነድ ፈርማለች። ጎረቤታችን ይህን በማሰቧ ቅር አይለኝም፤ እኛም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሳተላይታችንን በቻይና ሮኬት ልከናል። ነገር ግን ከኦቦክ ወደ ምሥራቅ የሚወነጨፍ ሮኬት የሚያልፈው በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው፤ ወደ ምሥራቅ የምንልካቸው በረራዎችም ያንን አቅጣጫ ይፈልጉታል። ስለዚህ አስወንጫፊው የሮኬቱን መረጃ ለጎረቤት አገሮች ተቆጣጣሪዎች በቅጽበት የማድረስ ግዴታ እንዲኖርበት፣ ግንባታው ሳይጀመር በስምምነት መጻፍ አለበት።

ስምምነቱን ለመደራደር ደግሞ ስሌቱን ራሱ የሚሠራ ሰው ያስፈልገናል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የላይኛውን ከባቢ አየር የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አሉት፤ ተማሪዎቹም ፊዚክሱንና ኮምፒውተሩን ያውቁታል። በዚህ ዓመት አንድ ሥራ እንድትጀምሩ እለምናችኋለሁ። ከኦቦክ የሚነሣ ሮኬት በሰማኒያኛው ሴኮንድ ተበታተነ ብላችሁ አስቡ፤ የክረምቱንና የበጋውን ነፋስ ለየብቻ አስገብታችሁ ስብርባሪው የሚያርፍበትን ሰቅ ሣሉ፤ ሥዕሉን በአየር መንገዶች ካርታ ላይ አስቀምጡና ስንት በረራ እንደሚነካ ቁጠሩ።