እልል ያልተባለለት ስለት

በባሕር ዳር ከተማ በሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ክቡራን አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ማለዳ፣ በጣና ዳር ቆሞ ወደ ዘጌ የሚሻገረውን ምእመን የተመለከተ ሰው ጀልባዎቹ ከሰው ሌላ ምን ይዘው እንደሚሄዱ ያውቃል፤ ጥላው፣ ጧፉ፣ ዕጣኑ፣ ምንጣፉና መጋረጃው አብዛኛው የስለት ነው። ከቅዳሴ በኋላም ስለቱ የደረሰለት ሰው ያመጣውን ይዞ ይቆምና «ታምሜ ተስዬ ነበር፤ ድኛለሁ፤ እልል በሉልኝ» ይላል፤ ሕዝቡም የማያውቀውን ሰው ደስታ የራሱ አድርጎ እልል ይልለታል። ይህን ልማድ እወደዋለሁ። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ግን በዚያው ጀልባ ተሳፍረው፣ ያንኑ ጸሎት ጸልየው፣ «እልል በሉልኝ» የሚሉበት ነገር ሳያገኙ ስለሚመለሱት ወገኖቻችን ለመናገር ነው። እነርሱን ማንም አይጠይቃቸውም፤ እነርሱም አይናገሩም።

ከእነርሱ አንዱ ስለሆንሁ ከራሴ ልጀምር። ታላቅ እኅቴ ኩላሊቷን ታማ ሁለት ዓመት ያህል ስትሠቃይ ሐኪም ቤት አልቀረን፣ ጸበል አልቀረን፣ ሱባኤ አልቀረን። እናቴ ለኡራ ኪዳነ ምሕረት ጥላ ተሳለች፤ ልጇ እንደምትድንላት ከመተማመኗ የተነሣም ስለቱ ሳይደርስ ጥላውን ገዝታ በሣጥን አስቀመጠችው። እኅቴ በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም መካከል ዐረፈች። በልቅሶው ድንኳን ሊያጽናኑን ከመጡት ሰዎች አንዱ «ምናልባት በሙሉ እምነት አልለመናችሁ ይሆናል» አለን፤ አንዲት ሴት ደግሞ ልጅቷ ያልተናዘዘችው ኃጢአት ነበራት ወይ ብላ እናቴን በጆሮዋ ጠየቀቻት። ክፋት አልነበረባቸውም። የኢዮብ ወዳጆችም እንዲሁ ነበሩ፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም ወዳጆች ነበሩ፤ ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ የእግዚአብሔር ቍጣ የነደደው «ለምን?» እያለ በሞገተው በኢዮብ ላይ ሳይሆን፣ የእግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው በተናገሩት በወዳጆቹ ላይ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

የሐዋርያት ሥራን 12ኛ ምዕራፍ ስንሰብክ ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከጴጥሮስ ነው። ሄሮድስ አሰረው፤ ቤተ ክርስቲያን ስለ እርሱ አጥብቃ ጸለየች፤ መልአኩ ጎኑን መትቶ ቀሰቀሰው፤ ሰንሰለቶቹም ከእጁ ወደቁ። ምዕራፉ ግን የሚጀምረው ከዚያ አይደለም። በሁለተኛው ቁጥር ላይ ያው ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ እንደ ገደለው በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ተጽፏል። ያዕቆብ በደብረ ታቦር የጌታን ክብር ካዩት ከሦስቱ አንዱ ነው። ለጴጥሮስ የጸለየችው ቤተ ክርስቲያን ያዕቆብን ረስታው ነበር የሚል አለን? የጴጥሮስ እምነት ከያዕቆብ እምነት ይበልጥ ነበር የሚልስ? ሉቃስ አንዱ ለምን እንደ ዳነ፣ ሌላው ለምን እንደ ሞተ አልነገረንም፤ ሁለቱን አጎራብቶ ጻፈና አለፈ። የዘብዴዎስ ልጆች እናት፣ ያቺ ስለ ልጆቿ ቀኝና ግራ የለመነችው ሴት፣ እስከዚያ ዘመን በሕይወት ኖራ ከነበረ የጴጥሮስን መፈታት በሰማችበት ሌሊት እንዴት ሆና እንዳደረች አንዳንዴ አስባለሁ። ደስ ብሏትም አልቅሳም ያደረች ይመስለኛል።

ታኅሣሥ 19 ቀን ቅዱስ ገብርኤልን ስናነግሥ ሠለስቱ ደቂቅ ከእሳት የወጡበትን ታሪክ እንሰማለን። ምዕመኑ የሚያስታውሰው የመልአኩን መውረድና የእሳቱን መቀዝቀዝ ነው። እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ወደ እቶኑ ከመጣላቸው በፊት ለንጉሡ የተናገሩት ቃል ነው፤ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነንም እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም አሉት። ይህን ሲሉ መልአኩ እንደሚመጣ አላወቁም ነበር። እኛ የታሪኩን መጨረሻ ስለምናውቀው «ባያድነንም» የሚለውን ቃል ቶሎ እናልፈዋለን፤ ስለታቸው ያልደረሰላቸው ወገኖቻችን ግን የሚኖሩት በዚያች ቃል ላይ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይጸልይ? ምክር ለመስጠት የሚያበቃ ነገር የለኝም፤ የሆንሁትን ብቻ ልናገር። ከእኅቴ ሞት በኋላ አንድ ዓመት ያህል በራሴ አንደበት መጸለይ አቃተኝ። ያን ጊዜ የያዝሁት ዳዊቴን ነበር፤ እንደ ሥርዓቱ ለየዕለቱ የተመደበውን፣ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ እያልሁ ደገምሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የደገምሁት መጽሐፍ ምን ያህል አቤቱታ እንዳለበት ያስተዋልሁት ያን ጊዜ ነው። ገና በሰኞው ድርሻ፣ በ12ኛው መዝሙር፣ «አቤቱ፣ እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ይላል። በሐሙሱ ድርሻ ያለው 87ኛው መዝሙርማ እንደ ሌሎቹ በምስጋና አይደመደምም፤ ወዳጅና ዘመድ እንደ ራቁት ተናግሮ ያበቃል። አባቶቻችን ይህን ከጸሎት መጽሐፍ አላወጡትም፤ በየሳምንቱ እንድንደግመው አዘዙን እንጂ። ያዘነ ሰው እግዚአብሔርን «ለምን ረሳኸኝ?» ብሎ ቢጠይቅ ከእምነት ወጣ የምንል ሰዎች፣ በየሐሙሱ ምን እየደገምን እንደሆነ ብናስተውል መልካም ነው። ጌታችንስ በጌቴሴማኒ ሦስት ጊዜ ያንኑ ቃል ደግሞ አልጸለየምን? ጽዋው ግን አላለፈም። በመስቀልም ላይ «ኤሎሄ ኤሎሄ ላማ ሰበቅታኒ» ብሎ ጮኸ።

ቅዳሴም አልተውሁም፤ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ እቆም ነበር። እኔ ዝም ስል ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ይላል፤ «ማረን» ሲሉ እኔም በውስጡ እንዳለሁበት አውቅ ነበር። ስለዚህ በዚህ ጉባኤ ያላችሁ ወጣቶች፣ አጠገባችሁ ቆሞ የማይዘምር ሰው ብታዩ ለምን አትዘምርም አትበሉት። ስለ እርሱም ጨምራችሁ ዘምሩለት፤ ሲወጣም አብራችሁት ቡና ጠጡ።

እናቴን ላንሣና ላብቃ። የእኅቴ አርባ ከወጣ በኋላ ሣጥኑን ከፍታ ጥላውን አወጣችና አብሬያት ወደ ዘጌ ተሻገርን። በቡናው ዛፎች መካከል ባለው መንገድ እስክንደርስ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረችም። ጥላውን የተቀበሏት አባት፣ እንደ ልማዱ እልል ሊያስብሉላት፣

«ስለትሽ ደረሰልሽ ልጄ?» አሏት።

«አልደረሰም አባ።»

«ታዲያ?»

«ለእርሷ ብዬ የገዛሁት ነው። ሣጥኔ ውስጥ ቢቀር የማን ሊባል ነው?»

አባታችን ምንም አልመለሱላትም። ጥላውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው መስቀላቸውን አሳለሟት፤ እልልታም አልነበረም። አሁን በየዓመቱ ታቦቱ ሲወጣ፣ ከሚያጅቡት ጥላዎች መካከል የእናቴን እፈልጋለሁ፤ ስለታቸው ከደረሰላቸው ሰዎች ጥላ ለይቼ ግን አግኝቼው አላውቅም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።