በጠቅላላ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የቁም እንስሳት ላኪ አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣

እንኳን በደህና መጣችሁ። የስታዲየምን መንገድ ጭንቅንቅ አልፋችሁ በሰዓቱ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ። የሥራ ሪፖርቱ በእጃችሁ ስለሆነ አላነበውም፤ ሹፌሮችንና ረዳቶችን አሠልጥነናል፣ የአጫጫን መመሪያውንም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ አሳትመናል፤ በዚህ እኮራለሁ።

ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ባለፈው ጉባኤ በአንድ መኪና የሚጫነው ከብት ቁጥር እንዲወሰን፣ ከአዳማ ማድለቢያዎች ተነሥቶ በአዋሽና በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ በሚወርደው መንገድ ላይም ውኃና ማረፊያ በመዋጮ እንዲዘጋጅ በሙሉ ድምፅ ወስነን ነበር። መዋጮውን የከፈለው ግን ከግማሽ አይበልጥም። «መኪናው የሚከራየው በጉዞ ነው፤ ሁለት ኮርማ ሲቀነስ ኪሳራው የእኛ ነው» የሚለውን ክርክር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ እኔም ላኪ ስለሆንኩ ይገባኛል። ሆኖም ይህ ሒሳብ በመንገድ የሚቀልጠውን ሥጋና በኳራንቲን ወድቆ የሚቀረውን ከብት አይቆጥርም።

በግንቦት ወር ሚሌ ላይ ከብት ሲራገፍ ቆሜ ነበር። ወለሉ ላይ አሸዋም ገለባም ስላልተነጠፈ አንድ የቦረና ኮርማ ተንሸራቶ ወድቆ፣ ሌሎቹ ሲረግጡት አድረው፣ የፊት ጉልበቱ ተልጦ ነበር፤ ረዳቱ ግን እንዲነሣ ጅራቱን ይጠመዝዝ ነበር። ውኃ በባልዲ ሲቀርብለት ተኝቶ ጠጣ፣ ከጨረሰም በኋላ የባልዲውን ጠርዝ ይልስ ነበር። ያ ኮርማ የእኔ ነበር፤ የጫኑትም የእኔ ሠራተኞች ናቸው።

የጠየቅነው አዲስ ነገር አይደለም። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የየብስና የባሕር ጉዞ ደረጃዎችን ካጸደቀ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነ? ከአቅም በላይ መጫን የሚያስከትለውንም ሩቅ ሄደን አንፈልገውም፤ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሱዳን ሱአኪን ወደብ ላይ ባድር 1 የተባለችው መርከብ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የምትወስዳቸውን ከ15 ሺህ በላይ በጎች እንደጫነች ሰጥማለች።

ከሁላችንም ይበልጥ ብዙ ከብት የሚልኩት ወንድሞቻችን ወንበር ዛሬም ባዶ ነው። በዚሁ አዳራሽ እጃቸውን አውጥተው ደግፈው ነበርና፣ የምታገኟቸው ይህን ቃላቸውን አስታውሱልኝ፤ እኔም ዛሬ ማታ ለእያንዳንዳቸው እደውላለሁ። የመዋጮው መዝገብ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ነው። የመጀመሪያው አጀንዳችን ይኸው በመሆኑ፣ ከበጀቱ በፊት እንድንነጋገርበት እየጠየቅሁ፣ ጉባኤው መከፈቱን አበሥራለሁ።